ከዴንቨር የመጣው የጋዝ ማሞቂያ ደብረ ብርሃን ላይ አልበራ አለኝ፤ ለአንዲት ክፍል ቤት ምን ዓይነት ልግዛ?

የባሶዋ (ኅዳር 9፣ ምሽት 2፡40)

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን በአንኮበር መንገድ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቤተሰባችን ቦታ ላይ ለእናቴ አንዲት ክፍል ቤት ሠርተናል። 4 በ5 ሜትር ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ ገና አልገባላትም። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟታል። ያደገችው ኩበት እሳት ዳር ስለሆነ ጥቅምት ከባተ ጀምሮ ማታ ማታ ፈርኔሎዋን ይዛ ትገባለች። እኔ ሥራዬ አዲስ አበባ ነው፣ የምመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። በቀሩት ሌሊቶች ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ነው የምተኛው፤ ንጋት ላይ ድምጿን እስክሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዴንቨር የሚኖረው ወንድሜ ጭንቀቴን አይቶ በሰው እጅ የጋዝ ማሞቂያ ላከልን። በእጅ የሚንጠለጠል፣ ፊቱ ላይ የሸክላ ሰሌዳ ያለው ትንሽ ዕቃ ነው። እሱ ጋራዡ ውስጥ ሦስት ክረምት ሞቆበታል። እኛ ጋር ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ይቀጣጠላል፣ ሰሌዳው ቀስ እያለ ይቀላል፣ እናቴ «ተመስገን» ብላ እግሯን ስትዘረጋ ቀጭ! ይልና ይጠፋል። እንደገና አቀጣጥላለሁ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል። በርና መስኮት ከፍቼ ሞከርኩ። ሲሊንደር ቀየርኩ። በመጨረሻ ደጅ አውጥቼ ሞከርኩት፤ ደጅም ጠፋ! እናቴ «ይኼ የፈረንጅ ዕቃ ብርዳችንን ፈርቶ ነው» አለችና ወደ ፈርኔሎዋ ተመለሰች።

ምን ነካው? የማይሠራ ከሆነስ ለእንዲህ ዓይነት ቤት የትኛውን የጋዝ ማሞቂያ ትመክሩኛላችሁ?

ብርድ ያሳደገው (ኅዳር 9፣ ምሽት 3፡05)

እናትሽ እውነታቸውን ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ሌሊት የማይፈራ የለም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያን ያህል ዓመት እዚህ የተቀመጡት ምን ለብሰው እንደነበር ማን በነገረኝ። ለማንኛውም የመንዝ ባና ከማንኛውም ማሞቂያ ይበልጣል፤ ጋዝ አይጠይቅም፣ አይጠፋም። ከቀልዱ ውጪ ግን መልሱን እኔም እፈልገዋለሁ፤ የአክስቴ ልጅም ተመሳሳይ ዕቃ አምጥቶ ቆሞበታል።

መፍቻ በኪሴ (ኅዳር 10፣ ጠዋት 1፡20)

እህቴ፣ ዕቃው አልተበላሸም። የሚጠፋው በደንብ ስለሚሠራ ነው።

ማቀጣጠያው አጠገብ አንዲት ትንሽ ጠባቂ ነበልባል አለች፤ ጫፏ ላይ ደግሞ ቀጭን የብረት ዘንግ ትሞቃለች። ቤት ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲቀንስ ነበልባሏ ከዘንጉ ላይ ትነሳለች፣ ዘንጉ ይቀዘቅዛል፣ ጋዙ በራሱ ይዘጋል። የተዘጋጀችው ኦክስጅኑ ከተለመደው 21 በመቶ ወደ 18 በመቶ ገደማ ሲወርድ እንድትዘጋ ነው። ሰው ሳይታፈን ማሞቂያው አስቀድሞ እንዲጠፋ የታሰበ መላ ነው።

ችግሩ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የናንተ ሰፈር ምናልባት ከዚያም ከፍ ይላል። እዚህ አንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነታችን ለምዶታል፤ ያቺ ነበልባል ግን አልለመደችውም፣ ደጅ ብታወጫትም የታፈነች ይመስላታል። የዕቃውን መመሪያ መጽሐፍ ብታገላብጪው ከ7,000 ጫማ በላይ ሊጠፋ እንደሚችል ሳይጽፉ አይቀሩም፤ በኛ ልኬት 2,134 ሜትር ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች ወንድምሽ ችግሩን ሊያየው አይችልም ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። የአሜሪካ ዕቃ መግጠሚያው የኛ ሲሊንደር ላይ አይገባም። ማን ነው የገጠመልሽ? በምን?

የባሶዋ (ኅዳር 10፣ ቀን 6፡15)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መመሪያውን ከካርቶኑ ውስጥ አውጥቼ አነበብኩ፤ እንዳሉት 7,000 ጫማ ይላል፣ በጣም ደቃቅ በሆነ ፊደል። ደብዳቤውን ሳያነብ ላኪውን እንደሚያማ ሰው ሆንኩ።

መግጠሚያውን አንድ የብየዳ ሠራተኛ ነው ያስተካከለልኝ። ሁለት የነሐስ ቁራጮች አገናኝቶ፣ በነጭ ቴፕ ጠቅልሎ፣ የውሃ ጎማ አስገብቶበታል።

መፍቻ በኪሴ (ኅዳር 10፣ ቀን 6፡32)

የውሃ ጎማ! ዛሬውኑ ፍቺው። ማታ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ እዚያ ያለ ሰው ካለ ደውዪና የሲሊንደሩን ቁልፍ አዘጊ። የውሃ ጎማን ጋዙ ከውስጥ እየበላ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ የዚህ ዓይነቱ ትንሽ ማሞቂያ ከውስጡ የራሱ የግፊት መቆጣጠሪያ አለው፤ ለምድጃ የተሠራ መቆጣጠሪያ ተጨምሮበት እንደሆነ አላውቅም፣ የተጨመረም ያልተጨመረም ሁለቱም ጥሩ አይደለም።

አጭር መንገድ (ኅዳር 10፣ ቀን 9፡50)

ይህን ያህል ማካበድ ለምን? ያንን የብረት ዘንግ የሚያሞቅ ሌላ መላ አለ፤ ነበልባሏን ትንሽ ጠምዘዝ አድርጎ ወደ ዘንጉ ማስጠጋት ነው። ጎረቤቴ እንዲህ አድርጎ ሁለት ዓመት ተጠቅሟል።

መፍቻ በኪሴ (ኅዳር 10፣ ቀን 10፡04)

ወንድሜ፣ ይህን ምክር የምትሰጠው ሌሊት ብቻቸውን ለሚያድሩ የ74 ዓመት እናት መሆኑን አስበኸዋል? ጎረቤትህ የነቀለው ዘበኛውን ነው። ሌባው እስካሁን አልመጣ ይሆናል።

ከጠባቂው በላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከፍታ ላይ ጋዙ በሚወጣባት ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ በኩል እንደ ድሮው ይመጣል፤ የሚገባለት አየር ግን ሳስቷል። እሳቱ አየር ሲያጥረው ሳይጠግብ ይቃጠላል፣ ያኔ ነው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚበዛው። ስለዚህ ከፍታችን ላይ ይህንን ጠባቂ ማሰናከል ማለት መርዙ ይበልጥ በሚመረትበት ቦታ መከላከያውን ማውለቅ ነው። የሚያደርገው ሰው ቢያንስ ለሌላ አይምከር።

የድሮ ሰው (ኅዳር 11፣ ጠዋት 12፡50)

ልጆች፣ ስድሳ ዓመት በከሰል ሞቀናል። ከሰሉ ደጅ ላይ በደንብ እስኪያያዝ ይራገባል፣ ጭሱ ሲያልቅ፣ ረመጡ ሲቀላ፣ ያኔ ይገባል። ጭስ ከሌለው ምን ያደርጋል? የእናንተ ጋዝ ነው ፈንጂ።

ነርሷ ከሞላሌ (ኅዳር 11፣ ጠዋት 2፡15)

ጋሼ፣ በአክብሮት ልመልስልዎት፤ ይህ «ጭሱ አለቀ» የሚለው ነገር ብዙ ሰው ስላሳጣን ነው። የሚያስለው፣ ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ያልቃል፤ መርዙ ግን ሽታም መልክም የለውም፣ የሚወጣው ከዚያ ከቀላው ረመጥ ነው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ አያያዙ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። እኛ ደጋ ላይ ደግሞ ከመነሻውም ትርፍ ኦክስጅን የለንም።

አንድ ጥር ወር ላይ በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር በቃሬዛ መጣች። ልጆቹ ማታውኑ ራሳችንን አመመን ብለው ነበር፤ ብርድ ነው ተብሎ ፈርኔሎው ይበልጥ ተጠጋላቸው። ትልቁ ልጅ ሊሸና በእንፉቅቅ ወጥቶ በሩን ሳይዘጋ ደጃፍ ላይ በመውደቁ ሦስቱም ተረፉ። በሩን ከኋላው ዘግቶት ቢሆን ኖሮ የምንቀበላቸው በሌላ መንገድ ነበር።

ለሁላችሁም፦ ማታ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ላይ ከታየ፣ ወይም ደጅ ሲወጡ ቀለል ካላቸው፣ ጉንፋን አይደለም። እሳቱን አይደለም መጀመሪያ የምታወጡት፤ ሰዉን ነው።

እህቴ የባሶዋ፣ ወንድምሽ ሌላ ነገር ከመላኩ በፊት በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይላክ። መዳፍ የምታክል ናት። መርዙ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ክብደት ስላለው እናትሽ ሲተኙ በራሳቸው ልክ ስቀዪው። ጀርባው ላይ የማብቂያ ዓመት ተጽፎበታል፣ ያንን ተመልከቺ።

የድሮ ሰው (ኅዳር 11፣ ጠዋት 3፡30)

ሲስተር፣ አመሰግናለሁ። ይህንን ማንም አልነገረኝም ነበር። የእኔ ባለቤት ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል። ዛሬ ማታ ፈርኔሎው ደጅ ያድራል።

የጓሳ ዳር (ኅዳር 11፣ ምሽት 1፡10)

እኔ ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ ከጓሳ ጥግ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ክፍሎች እጠብቃለሁ። ከ3,200 ሜትር በላይ ነን፤ ጓሳው ሣር ላይ ጠዋት ውርጩ እንደ ጨው ነጭ ሆኖ ይታያል። ሦስት ዓይነት ማሞቂያ ስላለፈብን የደረሰብንን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የመጣው ያ ሲሊንደሩን ከጀርባው የሚሸከም፣ እንደ ቁም ሣጥን በተሽከርካሪ እግር የሚገፋው ነው። ሦስት ሰሌዳ አለው። ሦስቱም ሲበራ በሰዓት 300 ግራም ጋዝ ይበላል፤ አንዱ ብቻ ሲበራ 100 ግራም። ሙቀቱ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በሳምንቱ ግድግዳው ላብ አወጣ። አንሶላው ረጥቦ ያድራል፣ የእንግዶች ጫማ ውስጥ ሻጋታ አበቀለ። ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎን ሁለት ጊዜ ሰው ወጥቶ አየው። ለካ ውሃው ከጋዙ ነው! አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል፤ ጭስ ማውጫ ስለሌለው ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው ልክ እንደ እህታችን በራሱ የሚጠፋ ነበር። በእሱ ላይ ቃል አላባክንም።

ሦስተኛው ግድግዳ ላይ የሚታሰር ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ድርብ ቧንቧ ግድግዳውን በስቶ ይወጣል፤ በውጭኛው በኩል አየር ከደጅ ይስባል፣ በውስጠኛው የተቃጠለውን ወደ ደጅ ይተፋል። እሳቱ የሚነደው በታሸገ ሣጥን ውስጥ በመስታወት ጀርባ ስለሆነ የክፍሉን አየር ጨርሶ አይነካም። ግድግዳው ላብ ማውጣቱን ተወ። የእኛው ከአዲስ አበባ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ነው፣ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ከተገጠመ ወዲህ ውሻችን የሚያድረው ከዚያች ቧንቧ ሥር ነው፤ ከድንጋዩ አጥር ላይ ሥፍራውን ለቅቆ ሄደ።

ጉድለቱም ይነገር። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታው እሳቱን ያወዛውዘዋል፣ አንዳንዴም ያጠፋዋል። የእኛ ግድግዳ የመንዝ ድንጋይ ስለሆነ መብሳቱ ሁለት ቀን ፈጅቷል።

የባሶዋ (ኅዳር 11፣ ምሽት 2፡00)

ይህ ሦስተኛው ልቤን ነካው። መስታወት አለው ማለትዎ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እናቴን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ልግዛልሽ ስላት «እሳት ካላየሁ አይሞቀኝም» ነበር ያለችኝ።

የእኛ ቤት ስንት ኪሎዋት ይፈልጋል? ትልቅ ብገዛ ይሻላል አይደል?

መፍቻ በኪሴ (ኅዳር 12፣ ጠዋት 1፡45)

ትልቅ መግዛት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በወረቀት ላይ እናስላው፤ ግምት ነው፣ ግን ከጭፍን ግዢ ይሻላል።

ቁመቱን 2 ሜትር ከ60 ብዬ ያዝኩ። ክፍሉ 52 ሜትር ኩብ ይሆናል። ደጅ ዜሮ ሲሆን ውስጡ 15 ዲግሪ እንዲሆን እንፈልጋለን እንበል። ራቁት ቆርቆሮ ሙቀት የሚባል ነገር አይዝም፤ በ20 ሜትር ካሬው በኩል ብቻ 2 ኪሎዋት ያህል ይወጣል። በአራቱ የጭቃ ግድግዳዎች በኩል ደግሞ 1.4 ገደማ። በሩና መስኮቱ ሲጨመሩ ወደ 4 ኪሎዋት ተጠጋን። አሁን ኮርኒስ ይግባና ከላዩ ወፈር ያለ የሚያሞቅ ነገር ይነጠፍበት፤ የጣሪያው ድርሻ ከ2 ኪሎዋት ወደ ሩብ ኪሎዋት አካባቢ ይወርዳል። ቤቱ በ2 ኪሎዋት ይሞቃል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማሞቂያሽ ኮርኒሱ ነው፤ ሌላውን ከዚያ በኋላ ግዢ።

እንግዲህ ዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር እኛ ጋር አይሠራም። አሜሪካኖቹ ለከፍታ የሚቀንሱት በየ300 ሜትሩ 4 በመቶ ገደማ ነው። ለደብረ ብርሃን ሲሰላ ከሲሶ በላይ ይቀነሳል፤ 3 ኪሎዋት የተባለው 2 ያህል ይሰጥሻል። ቁጥሩን መቀነስ ብቻ ሳይሆን የጋዙ ነሐስ ቀዳዳ ጠበብ ባለው መቀየር አለበት፣ አለዚያ መስታወቱ በሳምንት ውስጥ በጥቀርሻ ይጠቁራል። ወንድምሽ ሲገዛ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ለሲሊንደር ጋዝ የተዘጋጀ መሆኑን፣ ለ9,500 ጫማ የሚሆን ቀዳዳ አብሮ እንደሚሰጥ። አንዳንዱ ዕቃ የሚወጣው ለቧንቧ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ እሱ እኛ ጋር አይሆንም።

ያንን በተሽከርካሪ እግር የሚገፋውን ማሞቂያ ለመግዛት የሚያስብ ሌላ አንባቢ ካለ፦ የባለ 4.2 ኪሎዋቱ መመሪያ 84 ሜትር ኩብ ክፍል ይጠይቃል፣ ከላይና ከታች የማይዘጋ ቀዳዳ ይጨምራል፣ መኝታ ቤት ውስጥ ጭራሽ አይፈቅድም። 52 ሜትር ኩብ ለእሱ ሣጥን ነች።

ቆጣሪ ቆጣቢ (ኅዳር 12፣ ቀን 5፡20)

ይቅርታ፣ የማይገባኝ ነገር አለ። 2 ኪሎዋት ከበቃ ለምን ኤሌክትሪክ አይሆንም? መብራታችን ከውሃ የሚመነጭ ነው፣ ከውጭ በዶላር የሚመጣ አይደለም። ጋዝ ግን ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፤ ሲጠፋ ደግሞ ለሳምንታት ይጠፋል።

የባሶዋ (ኅዳር 12፣ ቀን 7፡00)

እውነት ነው። የኤሌክትሪኩን አልጠላሁም፤ ባለፈው ሳምንት ግን በሁለት ሌሊት ሦስት ጊዜ መብራት ሄዷል። የሚሄደው ደግሞ ሁሉም ሰው ምጣዱን በሚጥድበት ሰዓት ነው። በዚያ ላይ የግቢያችን ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ምጣድና ማሞቂያ አብሮ አይችልም።

መፍቻ በኪሴ (ኅዳር 12፣ ቀን 7፡40)

ቆጣሪ ቆጣቢ ያለው መናቅ የለበትም። እኔ የጋዝ ሰው ነኝ፣ የራሴ መኝታ ቤት ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚሞቀው። 1.5 ኪሎዋት ማሞቂያ በአንድ ማታ ለአምስት ሰዓት ያህል ቢበራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ነው። የታሸገው የጋዝ ማሞቂያ በተመሳሳይ ማታ አንድ ኪሎ ያህል ጋዝ ይጨርሳል፤ 12 ኪሎ ተኩል የሚይዘው ሲሊንደር ሁለት ሳምንት አይሞላም ማለት ነው። ሁለቱም ይኑሯት፤ መብራት ሲኖር አንዱ፣ ሲጠፋ ሌላው። ሽቦውን ግን ወፈር ባለ አስቀይሪ፤ የተጣጠፈ የኤክስቴንሽን ገመድ ላይ ማሞቂያ እንዳትሰኩ።

ሲሊንደር ሻጭ (ኅዳር 13፣ ጠዋት 3፡10)

ደንበኞቼ ሁልጊዜ የሚያማርሩኝን እዚህ ልናገር። «ጋዙ ሳያልቅ እሳቱ ደከመ» ይላሉ። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፣ በአብዛኛው የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል። ፈሳሹ ጋዝ የሚሆነው ከዙሪያው ሙቀት እየወሰደ ስለሆነ ሲሊንደሩ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ማታ ከታች በኩል ነጭ ውርጭ የሚይዘው ለዚህ ነው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል፣ ቡቴን ግን በቆላ ዜሮ አካባቢ ይቆማል። ከፍታው እዚህ ላይ ይክሰናል፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ቡቴንም ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ድረስ ይሠራል። ቢሆንም በውርጭ ሌሊት ደጅ ያደረ፣ ሊያልቅ የተቃረበ ሲሊንደር ይሰንፋል። ሰው ይህን ሲያይ ፍል ውሃ ይደፋበታል፣ እሳት አጠገብ ያስጠጋዋል። አድራሻችሁን ስጡኝና እኔ ራሴ መጥቼ ልለምናችሁ፤ አታድርጉ። ሌላ ሲሊንደር ቀይሩ።

ደጅ ይቀመጥ፣ ቆሞ፣ ከፀሐይና ከዝናብ የሚከልል ክዳን ተደርጎለት። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢፈስስ ወለል ለወለል ሄዶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ስለዚህ የውሃ መውረጃ ቦይ ወይም ምድር ቤት አጠገብ አይሁን። ስትገዙም በሚዛን ግዙ። የባዶው ክብደት አንገቱ ላይ ተመትቷል፤ ቀንሱት። የሚያኮርፍ ሻጭ ካለ ሌላ ዘንድ ሂዱ።

መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። ክብሪት ለኩሰው የሚፈትሹ ሰዎች ዛሬም አሉ፣ ቅንድባቸውን አይታችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

የባሶዋ (ኅዳር 13፣ ምሽት 1፡30)

ውሳኔዬን ልንገራችሁ። በዚህ ሳምንት ኮርኒሱ ይገባል። የኤሌክትሪኩን ትንሹን ገዝቼ ሽቦውን አስቀይራለሁ። ለወንድሜ የታሸገውን ባለ መስታወት እንዲገዛ ጻፍኩለት፤ ለገና የሚመጣ ዘመድ አለን፣ በሻንጣ ይይዘዋል። የአሁኑን ትንሹን ማሞቂያ መልሼ እልክለታለሁ።

ጭድ ከኮርኒሱ በላይ ብናነጥፍ ይሆናል?

መፍቻ በኪሴ (ኅዳር 13፣ ምሽት 2፡15)

አይሆንም ባይ ነኝ። ጭድ ይሞቃል፣ ግን አይጥ ይራባበታል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም እዚያው ነው የሚያልፈው፤ አንድ ብልጭታ ይበቃል። የበግ ጠጉር ይሻላል፤ እሳት ቶሎ አይዘውም። አገሩ የበግ አገር ነው፣ ባና የሚሠሩትን ጠይቂ፣ ለመፍተል የማይሆን ተራፊ ጠጉር አያጡም። ታጥቦ በደንብ ይድረቅ እንጂ።

ቧንቧው የሚወጣበት ግድግዳ ላይ ማገርና እንጨት እንዳይነካው ከቆርቆሮ የተጠቀለለ ማስገቢያ አሠሪ። ነፋስ በብዛት ከሚመጣበት ፊት አታውጪው፤ የጓሳ ዳር የነገረሽን አትርሺ። መስኮት ሥርም አይሁን፣ የተተፋው ተመልሶ ይገባል።

የባሶዋ (ጥር 9፣ ምሽት 2፡50)

ውይይቱን ከፍቼ መጥፋቴን ይቅር በሉኝ። ማሞቂያው በገና ማግሥት ደረሰ፤ ከአሥራ ስድስት ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ዘመዳችን ሻንጣው ውስጥ ሌላ ነገር ሳይዝ መጣ፣ ለእሱ ያለብኝ ውለታ ብዙ ነው። ለከፍታው የሚሆነው ነሐስ ቀዳዳ በትንሽ ፌስታል ለብቻው ታሽጎ ነበር። መፍቻ በኪሴ ራሳቸው መጥተው ቀየሩት፤ እዚህ ሳላመሰግናቸው አላልፍም።

ከኮርኒሱ በላይ ሦስት ጆንያ የበግ ጠጉር ገብቷል። ማሞቂያው ሳይበራ በፊት እንኳን ልዩነቱ ይታወቅ ነበር፤ የማሰሮው ውሃ ጠዋት በረዶ መሥራቱን ተወ። ማስጠንቀቂያዋም ከእናቴ ራስጌ ተሰቅላለች። ባለፈው እሑድ እናቴ ዕጣን ልታጨስ ከሰሏን በማጨሻ ይዛ ገብታ አልጋው ሥር ስታስቀምጥ ጮኸችባት። «ይህችማ ምራቴ ናት» አለች፤ ግን ማጨሻውን አወጣች።

የመጀመሪያው ማታ መስታወቱ ፊት በርጩማዋን አስጠግታ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «ጭሱስ የት ሄደ?» አለች። ግድግዳውን በስቶ እንደሚወጣ ብነግራት አላመነችም፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ባትሪ ይዛ በጓሮ ዞረችና መዳፏን ቧንቧው ፊት ዘርግታ ቆመች። «ሞቃት ነው፤ ምን ያህሉን ለደጅ እየሰጠን ነው!» ብላ ተመለሰች። እስካሁን የምትቆጨው በዚያች ብቻ ነው።

መፍቻ በኪሴ (ጥር 9፣ ምሽት 3፡20)

የሚወጣው ጥቂቱ ነው፣ አብዛኛው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል በያቸው። ለመሆኑ የእሳቱ መልክ ምን ይመስላል?

የባሶዋ (ጥር 9፣ ምሽት 3፡25)

ሰማያዊ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ አለው። እናቴ ቢጫውን ወድዳዋለች።

መፍቻ በኪሴ (ጥር 9፣ ምሽት 3፡31)

ጫፉ ብቻ ከሆነ ግድ የለም። መስታወቱ ላይ ጥቁር ካየሽ ግን ዝጊው፣ አትጠርጊው፤ እኔ እስካየው ይቆይ። ቅዳሜ በዚያ በኩል አልፋለሁ።

የባሶዋ (ጥር 9፣ ምሽት 3፡34)

ቡና ይጠብቅዎታል። ከሰሉ ደጅ ነው የሚያያዘው፣ ረከቦቱም ደጅ ነው።